በስድስት ወር የሚያልቅ ርዕስ ለጠየቅከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የደን ተማሪ «ጋሼ፣ በስድስት ወር የሚያልቅ የመመረቂያ ርዕስ ይጠቁሙኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥያቄውም ነውር የለበትም። ግን ያቺ «ስድስት ወር» የምትል ነገር ከነከነችኝ።

ምክንያቱን ልናገር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና ስዊድን በደን ትምህርት የተሳሰሩ ስለነበሩ ዕድሉ ለእኔም ደርሶኝ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በእነሱ በጋ፣ ሰሜን ስዊድን አቢስኮ ተገኘሁ። ከአርክቲክ ክበብ በላይ ናት። ፀሐይ አትጠልቅም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ የኪሩናን ማዕድን ማውጫ ብረት ወደ ኖርዌይ የሚያግዘውን ባቡር ሳዳምጥ አድር ነበር።

በርች የሚባለው ዛፍ ደን ውስጥ እንደገባን ዝናብ ያንጠባጠበ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለካ የሚረግፈው የአባጨጓሬ ኩስ ነው! ኮፍያዬ ላይ፣ ደብተሬ ላይ። ከቅጠሉ የተረፈው ጅማቱ ብቻ ነው። በኋላ ተለክቶ ሲታይ፣ ያ ደን በዚያ በጋ ከአየር የሳበው ካርቦን ከወትሮው ወደ 90 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

አባጨጓሬው የእሳት እራት ልጅ ነው፤ እሷ እንቁላሏን በመኸር ቅርንጫፍ ላይ ትጥላለች። የበርቹ እምቡጥ ሲፈነዳ እንቁላሉም ይፈለፈላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ግን እንቁላሉ ይሞታል፤ ለዚህ ነው ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት የሸለቆ ግርጌ አንዳንዴ አረንጓዴ ሆኖ የሚተርፈው። የእነሱ ብርዳም ክረምት እየለዘበ ሲሄድ ይህም መከላከያ ይሳሳል።

ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ግንዱን ሰርስረን ከእርሳስ የቀጠነ እንጨት አወጣን። ዛፍ በየዓመቱ አንድ የእድገት ቀለበት ይጨምራል፤ የበርች ቀለበት ግን ደብዛዛ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን በማጉያ ካላየነው አይለይም። የእ.ኤ.አ. 1955ቱን የአባጨጓሬ ወረራ እዚያ አገኘሁት፤ ያቺ ዓመት ቀለበቷ ፀጉር አክላለች። ዛፉ ያጠራቀመውን አውጥቶ ዳግም ቅጠል ሲያበቅል ደግሞ የሚቀጥለውም ዓመት ቀለበት ሊቀጭጭ ይችላል።

አማካሪዬ «ሦስት አራት በጋ ቆይተህ የሞተውንና ያቆጠቆጠውን ቁጠር» አሉኝ። እናቴ ታማ ነበር። ተመለስኩ። እናቴን ማየቴ አይቆጨኝም፤ ደኑን አለማየቴ ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 አባጨጓሬው ተመልሶ ሲመጣ እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ እመራ ነበር።

ዋናው ነገር ያለው ከወረራው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው እኮ። ፊንላንድ ኡትስዮኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በደረሰው ወረራ ሰፊ የበርች ደን ሞተ። በርች ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ግን ለጋውን ሬንዲር (የሰሜኑ አጋዘን) እየጋጠው ብዙው ቦታ ገላጣ ሆኖ ቀረ። ይህን በአንድ በጋ ማን ያየዋል?

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ሁለት ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ጥናት አይደለም። (እኛም ስልኩ ስላልነበረን ይሆናል የታገስነው።)

አሁን ደግሞ ራሴን ልቃረን። ስድስት ወር ብቻ ካለህ ቀለበት አጥና። በአንድ ከሰዓት የምታወጣው ናሙና የብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ ነው። «ዛፎቹ አገገሙ» ብለህ ግን እንዳትጽፍ፤ እሱን በስድስት ወር ልታውቅ አትችልም። የናሙናውን ቁጥር ደግሞ በእርሳስ ጻፍ። እስክሪብቶ ዝናብ ይወስደዋል።