ስለ ሲክስዝ ፎርም ጠይቁኝ፦ ተወዳድረው ስለሚገቡባቸው የለንደን የመንግሥት ኮሌጆች

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ ተማሪ መርጦ በሚቀበል አንድ የመንግሥት ሲክስዝ ፎርም ሒሳብ አስተምራለሁ። መስከረም በጠባ ቁጥር ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ወላጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይከቡኛል፤ ዘንድሮ ሰብሰብ አድርገን እንነጋገርበት ብዬ ነው። ለማያውቅ፦ ሲክስዝ ፎርም ማለት ዪር 11 መጨረሻ ላይ ጂሲኤስኢ የሚባለውን ፈተና (ከፍተኛው ውጤት 9 ነው) ወስደው፣ ኤ ሌቨል ለሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሁለት ዓመት የሚማሩበት ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ልጄ ዪር 11 ናት። ጎረቤቴ ሃሪስ ዌስትሚኒስተር ካልገባች ዋጋ የለውም ትለኛለች። የግል ነው እንዴ? ስንት ይከፈላል?»

እህቴ፣ ሳንቲም አይከፈልም፤ የመንግሥት ነው። ግራ የሚያጋባው የግል ትምህርት ቤቶች እጅ ስላለበት ነው። ሃሪስ ዌስትሚኒስተር በ2014 የተከፈተው ከዌስትሚኒስተር ስኩል ጋር በሽርክና ነው። ስትራትፎርድ ያለው ለንደን አካዳሚ ኦፍ ኤክሰለንስ በ2012 ሲከፈት እነ ብራይተን ኮሌጅና ኢተን ደግፈውታል። በ2017 ቶተንሃም ላይ የተከፈተውን ተመሳሳይ ስም ያለውን አካዳሚ ደግሞ ሃይጌት ስኩልና የቶተንሃም እግር ኳስ ክለብ አግዘውታል። ሒሳብ ነፍሷ የሆነ ልጅ ኪንግስ ማትስ ስኩልንም ትይ።

ጎረቤትሽ ግን ተሳስታለች። ልጅሽ ሁለት ዓመት የምትኖረው ከኮሌጁ ስም ጋር ሳይሆን ከሦስት ትምህርቶች ጋር ነው። ስትጎበኙ የሦስቱንም መምህራን ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

«በጂሲኤስኢ 7 እና 8 እየተነበዩልኝ ነው። ይበቃል? ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለ ይባላል።»

መስፈርቱ እንደየኮሌጁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤ ሌቨል በምትይዘው ትምህርት ቢያንስ 7 ይጠይቁሃል፣ ለሒሳብ ደግሞ ከዚያም ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ማመልከቻው በዪር 11 መጸው ይከፈታል፤ ቀኑ ለየብቻ ስለሆነ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ እይ። ከአንድ በላይ ማመልከት አያስነውርም። ቦታ ሲሰጡህም ነሐሴ ላይ በሚወጣው ውጤት ላይ የተመሠረተ ነውና የአሁኑን ትምህርት ቤትህን ቦታ አትልቀቅ።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ የሚፈለገውን በምሳሌ ላሳይህ። «ሦስት ተከታታይ ቁጥሮችን ብታባዛ ውጤቱ ሁልጊዜ ለ6 ይካፈላል፤ ለምን?» ብዬ እጠይቅሃለሁ እንበል። ብዙው ልጅ 4 ሲባዛ 5 ሲባዛ 6፣ 120፤ ይካፈላል ይልና ዝም ይላል። እኔ የምጠብቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ «ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሙሉ ለሙሉ ለ2 ይካፈላል፤ አንዱ ደግሞ የግድ ለ3 ይካፈላል፤ ስለዚህ ብዜቱ ለ6 ይካፈላል።» እዚህ ለመድረስ ተንተባትቦ፣ ሰርዞ፣ ጮክ ብሎ ያሰበ ልጅ ሸምድዶ ከመጣው ይሻለኛል።

«ሐኪም እንዲሆን ነው የምንፈልገው። እሱ ታሪክ ይላል። ምን እናስይዘው?»

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ቤት ውስጥ እንደሰማሁት! በቅድሚያ ቴክኒኩን ልንገርዎት። ሕክምና ለማመልከት ኬሚስትሪ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ነው፤ ባዮሎጂም እንዲሁ በብዙ ቦታ ይፈለጋል። ዩካት የሚባለው የሕክምና መግቢያ ፈተና አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ጥቅምት 15 በፈረንጆቹ ይዘጋል፣ ከአምስቱ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለሕክምና የሚሆነው አራቱ ብቻ ነው። ልጅዎ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ታሪክ አጣምሮ ቢይዝ የሕክምና በር አይዘጋበትም። ለሁለታችሁም የሚሆን መውጫ ይህ ይመስለኛል።

ነገር ግን ሳይፈልግ ኬሚስትሪ የያዘ ልጅ ክፍሌ ኮሪደር ላይ በየዓመቱ አያለሁ። በጂሲኤስኢ በጥረት ይሸፈናል፤ ኤ ሌቨል ላይ ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በገዛ ፈቃዱ ማንበብ አለበትና የማይወደውን ማታ አራት ሰዓት ላይ አይከፍተውም። ታሪክ አንብቦ ጠበቃ የሆነ የሰው ልጅ ሞልቷል።

«መስከረም ገባሁ። ጂሲኤስኢ ላይ ሁሉንም 9 ነበር ያመጣሁት፤ የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ዲ ሆነ። ልውጣ ይሆን?»

አትውጪ። ክፍልሽን ዞር ብለሽ እዪ፤ ግማሹ ዲ ይዟል፣ ተሸማቆ ግን አይናገርም። ሁላችሁም ከየትምህርት ቤታችሁ አንደኛ ነበራችሁ።

የሚያደናግረው ነፃው ጊዜ ነው። ሦስት ትምህርት ብቻ ስለሆነ ፕሮግራምሽ ላይ ባዶ ሰዓት ይበዛል። ባዶ ግን አይደለም፤ በትምህርት ሰዓት ልክ የራስሽ ሥራ የሚሠራበት ነው። የቀኑን ኖት ወዲያው ዘግተሽ ያለ መጽሐፍ በባዶ ወረቀት ለመጻፍ ሞክሪ። የማይመጣልሽ ቦታ ላይ መምህሩን ያዢ፤ እኛ የምንቀመጠው ለዚያ ነው፣ ልጆቻችን ግን «ሰነፍ እባላለሁ» ብለው ይፈሩናል። ዋናው ፈተና በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚላከውን ግምት ውጤት ግን መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት በመጀመሪያው ዓመት (በዪር 12) ማብቂያ አካባቢ ስለሆነ፣ የጥቅምቱ ዲ ሳይሆን የሰኔው ፈተና ያሳስብሽ።

«ወንድሜ ከአዲስ አበባ 11ኛ ክፍል ጨርሶ መጣ፤ 17 ዓመቱ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም።»

እስከ 18 ዓመት ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ያለ ክፍያ መማር ይችላል። እንደኛ ተማሪ መርጦ የሚቀበል ኮሌጅ ግን ጂሲኤስኢ ወይም አቻውን ስለሚጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው በአቅራቢያው ያለ መደበኛ ኮሌጅ ገብቶ እንግሊዝኛውን ማጠናከርና ሒሳብና እንግሊዝኛ ጂሲኤስኢ መያዝ ነው። ቶሎ ይጀምር፤ የነፃ ትምህርቱ ገንዘብ የሚታሰበው በዕድሜ ነውና ዓመት ማባከን ያስከፍላል። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ጉዳዩ ካልተወሰነ የመንግሥት ብድር አያገኝም፣ ለስደተኞች ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሉ።

«ለመጓጓዣና ለምሳ የሚረዳ አለ?»

አለ። 16+ ዚፕ ኦይስተር ካርድ ካወጣ አውቶቡስ በነፃ ነው። ገቢያችሁ ዝቅ ካለ ነፃ ምሳና በርሰሪ (የትምህርት ድጎማ ገንዘብ) ጠይቁ፤ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አይመጣላችሁም። ብዙ ወላጅ የሚረሳው ደግሞ ቻይልድ ቤኔፊት (መንግሥት ለልጅ ማሳደጊያ የሚሰጠው ገንዘብ) ነው፦ ልጁ ትምህርት መቀጠሉን ካላሳወቃችሁ 16 ከሞላው በኋላ በነሐሴ መጨረሻ ይቋረጣል።

«ገና ጥር 7 ትምህርት ሲጀመር ይውላል። ልጃችንን ብናስቀራት ይፈቀዳል?»

ለሃይማኖት በዓል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ኮሌጅ በዚያው ሳምንት የሙከራ ፈተና ስለሚያደርግ ታኅሣሥ ላይ ቀኑን ተመልከቱና ለሌላ ቀን እንዲዛወር አመልክቱ። በጾም ወራት ደግሞ ካፍቴሪያው የጾም ምግብ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ሽሮ በፍላስክ።

«ኮሌጁ ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ይከብዳል?»

ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ልጁ ራሱ ይሞክረው፤ ቅዳሜ የተሞከረ መንገድ አይታመንም። በየቀኑ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ግን ሃያ ደቂቃ የሚርቅ ጥሩ ሲክስዝ ፎርም እኔ ብሆን አስቀድማለሁ። ኦክስፎርድም ካምብሪጅም ከዚያ ልጅ ይቀበላሉ። ሁለቱን ግን በአንድ ዓመት አብሮ ማመልከት አይቻልም፤ አንዱን ይምረጥ።