አጉርሶ መያዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልሳችን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ ሽጉጥን አጉርሶ፣ ከልብስ ሥር ደብቆ፣ መሃል ከተማ ውስጥ ይዞ መዋል። ጠያቂዎቹ አጃቢዎች፣ ገንዘብ የሚያመላልሱ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። መልሳችን የሚመለከተው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለውን ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቃል አስቀድመን እንለይ። "ጎርሷል" ስንል ጥይቱ ከካዝና (ጥይቶች ከሚደረደሩበት ሳጥን) ወጥቶ ጉሮሮው ውስጥ፣ ማለትም ከሚተኮስበት ቦታ፣ ገብቷል ማለታችን ነው። ካዝናው ሞልቶ ጉሮሮው ባዶ ከሆነ ሽጉጡ አልጎረሰም። ብዙ ሰው "ሞልቷል" ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይለይም፤ ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ደግሞ ይህ አለመለየት ሰው ይገድላል።

ማካሮቭ አለኝ። አጉርሼ፣ ሴፍቲውን ዘግቼ ነው የምይዘው። ልክ ነኝ? (ከካዛንቺስ)

በአሠራሩ ካየነው ልክ ነዎት። ማካሮቭ ሲቀባበል መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ ይቀራል። በግራ ጎኑ ያለውን ሴፍቲ ወደ ላይ ሲገፉት መዶሻው በራሱ ይወርዳል፤ ሴፍቲው መሃል ገብቶ ስለሚያግደው ግን የጥይቷን ቂጥ የሚወጋውን መርፌ አይመታም። ስላይዱም (ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ብረት) አብሮ ይቆለፋል። መዶሻን በአውራ ጣት ይዞ የማውረድ ጣጣ የለበትም። ሴፍቲውን ወደ ታች መልሰው ሲተኩሱ የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ስበት ይፈልጋል። ከሁለተኛው ጀምሮ መዶሻው ተስቦ ስለሚጠብቅ ምላጩ አጭርና ቀላል ይሆናል፤ ስለዚህ ከተኩስ በኋላ ሴፍቲውን ሳይዘጉ ወደ አፎት መመለስ በጣም አደገኛ ነው።

እኛን የሚያሳስበን መርፌው ነው። የማካሮቭ መርፌ ወደ ኋላ የሚይዘው ስፕሪንግ የለውም፤ ቦዩ ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ለዓመታት ግራሶ ተቀብቶ የተቀመጠ፣ ወይም ዘይት እየተንቆረቆረበት የኖረ ሽጉጥ ቦዩ ውስጥ አቧራና ቅባት ይጋገራል። መርፌው ጫፉን ወደ ፊት እንዳወጣ ከተጣበቀ፣ ስላይዱ ጥይት ይዞ ሲዘጋ ምላጭ ሳይነካ ሊባርቅ ይችላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ካዝናውን ያውጡ፣ ጉሮሮው ባዶ መሆኑን ይዩ፣ ስላይዱን ይፍቱ። ከዚያ ስላይዱን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘንበል ዘንበል ያድርጉት። መርፌው ሲመላለስ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት አለበት። ካላለ ቆሽሿል። ሴፍቲውን ከተለመደው ቦታ አሳልፈው ወደ ላይ ካዞሩት ወደ ጎን ይወጣል፤ መርፌውም ከኋላ በኩል ይወጣል። ቦዩን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ይጥረጉና ደርቆ ይግጠሙት። እዚያ ቦታ ላይ ዘይት አያስፈልግም።

ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። አንዱን አጉርሶ፣ ካዝናውን አውጥቶ፣ 9ኛ መጨመር ይቻላል። እኛ አንመክርም፤ ለአንዲት ጥይት ብሎ የጎረሰ ሽጉጥ ደጋግሞ መነካካት ነው።

ቲቲ ነው ያለኝ። አጉርሼ መዶሻውን ግማሽ ላይ አቆመዋለሁ። ስታር ያለው ጓደኛዬም እንደዚያው ያደርጋል። (ከአራት ኪሎ)

ሁለታችሁም ተዉት። ቲቲ 33 ሲሠራ የእጅ ሴፍቲ አልተደረገለትም። መዶሻውን ግማሽ ላይ የሚይዘው ትንሽ ጥርስ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ከባለቤቱ በሚበልጥ ሽጉጥ ላይ ያ ጥርስ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም። ሽጉጡ በመዶሻው በኩል ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ግማሽ ላይ ለማድረስ የሚሠራው ሥራ ነው፦ ጉሮሮው ውስጥ ጥይት እያለ ምላጭ ስቦ መዶሻውን በአውራ ጣት ማውረድ። ላብ ወይም ዘይት የነካው ጣት ከተንሸራተተ አለቀ። ቲቲ የሚያዘው ጉሮሮው ባዶ ሆኖ ነው።

ስታር፣ ብራውኒንግ ሃይፓወርና ኮልት 1911 የእጅ ሴፍቲ አላቸው። እነዚህን ማጉረስ ግድ ካለ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሴፍቲው መዘጋት አለበት። ለዓይን ያስፈራል፤ ነገር ግን መዶሻውን በጣት ከማውረድ ይሻላል። ሴፍቲው መሥራቱን በባዶ ሽጉጥ ይፈትሹ፦ መዶሻውን ስበው ሴፍቲውን ይዝጉ፣ ምላጩን ጠንከር አድርገው ይጫኑና ይልቀቁ፣ ጣትዎን ካራቁ በኋላ ሴፍቲውን ይክፈቱ። በየትኛውም ደረጃ መዶሻው ከወደቀ ወይም ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ሽጉጡ ለባለሙያ እንጂ ለወገብ አይሆንም።

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ስመላለስ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ ሕንፃው ሁሉ ፍተሻ አለው። "አውጣና አስቀምጥ" ይሉኛል። የጎረሰ ሽጉጥ በቀን አራት አምስት ጊዜ እያወጡ መስጠት እንዴት ነው? (ከፒያሳ)

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። አጉርሶ መያዝን የሚመክሩ የውጭ መመሪያዎች አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፦ ሽጉጡ ጠዋት አፎት ውስጥ ይገባል፣ ማታ ይወጣል፣ በመሃል ማንም አይነካውም። የጎረሰ ሽጉጥ ደህንነቱ አለመነካቱ ነው። መሃል አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ቀንዎ ከፍተሻ ወደ ፍተሻ የሚያልፍ ከሆነ ጉሮሮውን ባዶ አድርገው ይያዙ፤ ጉዳይዎ ባንክና ሆቴል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሽጉጡን ሥራ ቦታዎ ቆልፈውበት ይውጡ። ተቀባብሎ እስኪተኮስ የምትጠፋው ሰከንድ ትቆጫለች፤ ግን በቀን አምስት ጊዜ ሰው በተሰለፈበት በር ላይ የጎረሰ ሽጉጥ ከማገላበጥ ታንሳለች።

ግድ ማስረከብ ካለብዎ ሽጉጡን ከአፎቱ አይምዘዙት። ከቀበቶ በክሊፕ የሚላቀቅ አፎት ይግዙና ከነአፎቱ ነቅለው ይስጡ። ምላጩ እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ጥበቃውም ጣቱን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ሲሰጡም "ጎርሷል" ወይም "አልጎረሰም" ብለው በቃል ይንገሩት።

ጥበቃው "አራግፈው" (ጥይቱን አውጣ) ካለ፣ አፈሙዙ የሚዞርበት አሸዋ የሞላ ሳጥን ወይም በርሜል መኖሩን ይጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ፣ ወለል ላይ፣ ወደ ጣሪያ አይራገፍም፤ ከላይ ፎቅ ሰው አለ። አሸዋው ካለ አፈሙዙን ወደ እሱ አዙረው፣ ጣትዎን ከምላጭ ቀለበቱ ውጭ ዘርግተው መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ። ስላይዱን የሚስቡት ከዚያ በኋላ ነው። በር ላይ የሚባርቀው ሽጉጥ አብዛኛው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠበት ነው፦ ሰውዬው መጀመሪያ ስላይዱን ይስባል፣ ጥይቷ ትወጣለች፣ ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን አውጥቶ "ባዶ ነው" ይልና ለማሳየት ምላጭ ይስባል።

ማካሮቭ የያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ሴፍቲው ሲዘጋ ስላይዱ ስለሚቆለፍ ለማራገፍ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ነው፤ ማለትም ሽጉጡ በጣም አደገኛ የሚሆነው ልክ ባዶ ሊደረግ ሲል ነው።

የምትወጣዋን ጥይት በመዳፍ ለመያዝ አይሞክሩ። መዳፍ የቀለሃ መውጫውን ሲሸፍን ጥይቷ ተመልሳ ቀለሃ መወርወሪያው ብረት ላይ በቂጧ ልትመታና እጅ ውስጥ ልትፈነዳ ትችላለች። መሬት ትውደቅ፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። በመጨረሻ ጉሮሮውን በዓይን ይዩ፤ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት ይዳብሱ።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ያችኑ ጥይት በየቀኑ አውጥቶ መልሶ ማጉረስ እርሳሷን (ተተኩሶ የሚሄደውን የፊት ክፍሏን) ቀስ በቀስ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋታል። ጥይቷ ስታጥር ውስጧ ያለው ባሩድ ቦታ ይጠበዋል፤ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ሽጉጥም ሊሰነጥቅ ይችላል። የ9 በ19 ሚሊሜትር ጥይት ቁመት እስከ 29.69 ሚሊሜትር ነው። ካሊፐር (ስስ መለኪያ) ከሌለዎ አዲስ ጥይት አጠገቧ አቁመው በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ያነጻጽሩ፤ አጥራ ከታየች ወይም ስታሽከረክሯት እርሳሷ ከተነቃነቀ አትጎርስም።

ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ ነው የምይዘው። ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ ይቆረቁረኛል እንጂ ችግር የለውም። (ከሜክሲኮ)

ያለ አፎት ሻጥ የተደረገ የጎረሰ ሽጉጥ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ትክክል የሚሆንበት ሁኔታ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ተጣጥፎ፣ ረዳቱ "ጠጋ በሉ" እያለ፣ ሽጉጡ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሰው ሳያስበው እጁን ሰዶ ሲያስተካክለው የሚያገኘው ምላጩን ነው። አፈሙዙ በዚያ ሰዓት የሚያየው የራስን ጭን ወይም የጎረቤትን ጉልበት ነው፤ የጭን ዋና ደም ሥር ከተመታ ለእርዳታ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ጥሩ አፎት የምላጩን ቀለበት ከሁሉም አቅጣጫ ይሸፍናል፤ ከውጭ በጣት ተጭነው ምላጩን ማግኘት አይችሉም። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ አይጨማደድም። ሽጉጡን ባዶ አድርገው፣ ከነአፎቱ ገልብጠው ፍራሽ ላይ ሲያራግፉት አይወድቅም። በጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ይህን ያሟላል። ወፍራም ቆዳም ያሟላል፣ እስኪለሰልስ ድረስ፤ የለሰለሰ ቆዳ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽጉጡ ሲገባ ምላጩን ይጫናል።

ከመሳብ ይልቅ መመለስ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ ከነቋጠሮው፣ በበዓል ቀን ደግሞ የነጠላ ዘርፍ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ልብሱን በሌላኛው እጅ ከፍ አድርገው ይያዙ፣ አፎቱን በዓይን ይዩ፣ ቀስ ብለው ያስገቡ። አንዳች ነገር ከያዘው አይግፉ፤ አውጥተው ይዩ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሽጉጥ ከእጅ ሲያመልጥ ደግሞ አይቀልቡት። አዲሶቹ ሽጉጦች ሲወድቁ እንዳይተኩሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አየር ላይ የሚቀልበው እጅ ግን ጣቱን ምላጭ ላይ ያሳርፋል። የቆየው ዓይነት ከሆነ ወድቆ ሊባርቅ ስለሚችል አስቀድሞም አለማጉረስ ነው።

ግሎክ ሴፍቲ የለውም ይባላል። እውነት ነው? (ከቦሌ መንገድ)

በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ የለውም። ውስጡ ግን ሦስት አለው፦ ምላጩ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ፣ መርፌውን የሚያግደው ብረት፣ እና ሲወድቅ መርፌው እንዳይለቀቅ የሚይዘው። ሦስቱም የሚከፈቱት ምላጩ ሲሳብ ነው። ስለዚህ ከመውደቅ ይጠብቃል፤ ምላጩን ከሳበ ጣት ወይም ጨርቅ አይጠብቅም። መደበኛው ምላጭ ወደ 2.5 ኪሎ ገደማ ስበት ይበቃዋል። ጠንካራ አፎት ካለው ለማጉረስ ይመቻል፤ ከሌለው ከሁሉም የከፋ ነው።

ለጽዳት ሲፈታ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ሳያዩ አይፍቱት፤ ጥይቱንም ሌላ ክፍል ያኑሩ።

በእጅ ቦርሳዬ ብይዝስ? (ከመርካቶ መግቢያ፣ ባለሱቅ)

አንመክርም። ቦርሳ ከሰውነት ይለያል፦ ወንበር ላይ ይሰቀላል፣ ልጅ ይከፍተዋል፣ ይነጠቃል። ከያዙም ለብቻው በሚዘጋ ኪስ፣ ጠንካራ አፎት ውስጥ፣ ሳያጎርሱ፤ ቁልፍና ኩል አብረውት አይግቡ።

የቱርክ ሽጉጥ ነው ያለኝ፣ ከድምፅ ወደ ጥይት የተቀየረ። ማጉረስ ይቻላል? (ቦታ ያልተጠቀሰ)

ይህ ሽጉጥ ሊያዝም አይገባም። የድምፅ ሽጉጥ፣ ማለትም ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ ሽጉጥ፣ አካሉ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም። እጅ ላይ ይፈነዳል። ፈቃድም አይወጣለትም።

ማታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ስገባ የት ላራግፈው? (ከልደታ)

20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ በደረቅ አሸዋ እስከ አፉ ይሙሉ፤ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በቀላሉ አይገለበጥም። የሽጉጥ ጥይት ለማስቆም ይበቃል። አሸዋው ሳይረጥብ፣ ከልጆች እይታ ውጭ አንድ ቋሚ ቦታ ይቀመጥ። አፈሙዙን መሃሉ ላይ፣ አሸዋውን ሳያስነኩ አቅርበው ያራግፉ። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አያምኑት፤ ከወዲያ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው። ከዚያ ሽጉጡ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ ይደር።

ከሥራ በኋላ አንድ ሁለት ቢራ ብጠጣ?

ሽጉጡ ቤት ይቅር።

የሚያሳፍር ጥያቄ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ስገባ ምን ላድርገው? (ከካዛንቺስ)

አያሳፍርም፤ ሽጉጥ የሚረሳውም የሚወድቀውም እዚያ ነው። ከአፎቱ አያውጡት፤ መስኮት ላይ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ላይ፣ በር እጀታ ላይ አይስቀሉት። በተቀመጡበት መጸዳጃ ቀበቶውን እንደታሰረ ያህል አጥብቀው፣ ሱሪውን ከጉልበት ሳያሳልፉ አፎቱን በአንድ እጅ ይደግፉ። ቁጢጥ በሚባልበት ዓይነት ግን ይህ አይሠራም፤ ቀበቶው ሲላላ ሽጉጡ ይገለበጥና ቀጥታ ጉድጓድ ነው። እዚያ ከመግባትዎ በፊት ከነአፎቱ ይንቀሉና ዚፕ ባለው የጃኬት ውስጥ ኪስ ይዝጉበት። ሲወጡ፣ እጅዎን ከመታጠብዎ በፊት፣ ወገብዎ ላይ መልሰው ያስሩት።