አስጠኚ ከመቅጠርሽ በፊት ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ ጣይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የራሴ ጭንቀት ትዝ አለኝና ሳቅሁ። ልጅሽ 7ኛ ክፍል ገብቷል፤ ትምህርት ቤቱ ኧርዝ ሳይንስን (የመሬት ሳይንስን) ራሱን አስችሎ ያስተምራል፤ የተሰጣችሁ ወረቀት ላይ የምልከታ ደብተር፣ የድንጋይ ስብስብ፣ የጨረቃ መዝገብ፣ ፕሮጀክት የሚል ተደርድሯል። «ከልጁ ምን ይጠበቃል? አስጠኚ ልቅጠርለት ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ። ሁለቱም ልጆቼ በዚህ ትምህርት አልፈዋል። ትልቋ አሁን 11ኛ ናት፤ ትንሹ ዘንድሮ 8ኛን ጨረሰ።

አስጠኚውን ተዪው። ቢያንስ የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪጋመስ ታገሺ። እኔ ለትልቋ ቀጥሬ ነበር። አስጠኚው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ሲያስሸመድዳት ከረመ። «ሮክ ማለት እንዲህ ነው፣ ሚነራል ማለት እንዲያ ነው።» ልጅቷ ትርጉሙን ውሃ አድርጋ ትወጣዋለች፤ ድንጋይ በእጇ ሲሰጧት ግን ዝም።

የይዘቱ ነገር ብዙም አያስጨንቅሽ። ድንጋይና የምድር ውስጠኛው ክፍል፣ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ፣ ውሃና የአየር ጠባይ፣ መጨረሻ ላይ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችም ብዙውን ይማሩታል፤ እዚያ ጄኔራል ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ ውስጥ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው።

ነጥቡ ላይ ግን አይንሽን ክፈቺ። በእኛ ጊዜ ፋይናሉ ከ100 የሚይዘው 40 ብቻ ነበር። ቀሪው 60 እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው የሚሰበሰበው፤ ደብተሩ ብቻውን 20 ነበረው። ልጆች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ትልቋ ደብተሯን በባለቀለም እስክሪብቶ አሳምራ፣ ከመጽሐፍ ገልብጣ አስረከበች። ከ20 ያገኘችው 9 ነው። መምህሩ ግርጌው ላይ «ጽሑፉ ያምራል፤ አንቺ ያየሽው የታለ?» ብለው ጻፉበት። የሚፈልጉት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ልጁ በዓይኑ ያየውን፣ የለካውንና ያልገባውን ነው። ቢቆሽሽም ችግር የለም።

ምን ዓይነት ነገር እንደሚፈልጉ በትንሹ ልጄ ላሳይሽ። የካቲት 2017 መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ቀን፣ አንድ ሜትር የሚሆን የመጥረጊያ እንጨት ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ተከለ። በየ10 ደቂቃው ጥላውን በማስመሪያ ይለካል። ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው ብሎ ነው የጀመረው። 6 ሰዓት ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀጠለ፣ ጥላው ማጠሩን አላቆመም። «እማ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ሊነቅለው ሲል ተወው አልኩት። 6፡30 እና 6፡40 ላይ 42 ሆነና ከዚያ መርዘም ጀመረ። ለምን? የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዳማ ያለችው 39ኛውን ትንሽ አለፍ ብላ ነው። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስናስብ ፀሐይ አናታችን መስመር ላይ የምትደርሰው ከሰዓቱ 20 ምናምን ደቂቃ ዘግይታ ነው። በየካቲት ደግሞ ከዚያም በላይ ትዘገያለች፤ በጥቅምት መጨረሻ ግን 6 ሰዓት ካለፈ ብዙም አትቆይም። ደብተሩ ላይ የጻፈው «ሰዓቱ እውነት አይናገርም» ብሎ ነው። መምህሩ ሳቁበት፤ ሙሉ ነጥብ ሰጡት።

የጨረቃው መዝገብ ቀላል ይመስላል፤ ግን ወጥመድ አለው። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። ልጁ ማታ 1 ሰዓት ላይ ብቻ ካየ፣ ሙሉ ከሆነች በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት «ጨረቃ የለችም» እያለ ይሞላዋል። ያኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ እንዲያይ ንገሪው።

አሁን ወደ ፕሮጀክት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። ለትልቋ እሳተ ገሞራ ሠራሁላት። አዎ፣ እኔ። ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ኮላ፣ ቀለም፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። ሶዳና ኮምጣጤ ሲገናኙ ግንፍል ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ከዚያ መምህሩ አንድ ጥያቄ ጠየቋት። «ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ውስጥ ኮምጣጤ የለም። ታዲያ ቅልጡን አለት ወደ ላይ ምን ገፋው?» ልጄ ወለሉን ማየት ያዘች። ከ20 ያገኘችው 8 ነው። እውነቱን ለመናገር 8ቱም የእኔ ነበር።

መልሱን ያገኘነው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በትንሹ ልጄ ተራ ነው። ባለቤቴ ብሎኬት ያመርታል። ግቢያችን ውስጥ ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ እንደ ጤፍ ነው የሚከመረው። እኔ ሴትዮዋ ለድንጋይ ስብስቡ ከአዲስ አበባ በሳጥን የሚሸጥ ካለ ብዬ ሰው ስጠይቅ ልጁ ከክምሩ አንዱን አንስቶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ጣለው። ተንሳፈፈ! «እማ፣ ድንጋይ ይንሳፈፋል እንዴ?» በጣቱ ደፈቀው፣ አረፋ እያወጣ ተመልሶ ብቅ አለ። አድሮ ሲያየው ውሃ ጠጥቶ ዝቅ ብሏል። ቀዳዳዎቹ ጋዝ የነበረባቸው ናቸው። ቅልጡ ከምድር ውስጥ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውስጡ ሟሙቶ የነበረው ጋዝ ይለቀቃል፣ እየሰፋ ቅልጡን ይገፋዋል። ለስላሳ ጠርሙስ ተነቅንቆ ሲከፈት እንደሚሆነው ማለት ነው። የእህቱ ጥያቄ መልስ ሳፋ ላይ ተንሳፍፎ ተገኘ።

ስለዚህ ድንጋይ አትግዢ። አዳማ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ የቆምንበት በሙሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ፑሚስ ብሎኬት ማምረቻ አለ። ሬድ አሽ የሚባለው ቀዩ ጠጠር መንገድ የሚሠራበት ሁሉ ይገኛል። ጥቁሩ ባዛልት የግንብ መሠረት ላይ አለ። ባልጩት ካገኛችሁ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ኦብሲዲያን የሚለው እሱ ነው፤ እጅ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ይጠንቀቅ። ከእብነ በረድ ቆራጮች ስባሪ ለምኑ፤ በምስማር ፍቆ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ሲጨምቅበት አረፋ ያወጣል። ጄሶ በጥፍር ይጫራል፣ እብነ በረድ በጥፍር እምቢ ብሎ በምስማር ይጫራል፣ ነጩ ኳርትዝ ጠጠር ደግሞ ራሱ ጠርሙስ ይጭራል። መምህራኑ የሚፈልጉት ይህንን ነው፦ የት እንዳገኘው፣ መቼ፣ ምን ሞክሮበት ምን እንደሆነ። ድንጋይ ካባና ከምድር የሚወጣው የቦኩ እንፋሎት ጋ ግን ብቻውን እንዳትልኪው።

የመሬት መንቀጥቀጡን ምዕራፍ የተማሩት፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ በዚያው በ2017 ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌው በተከታታይ ሲያናውጠን ነው። ትዝ ይልሽ ይሆናል፣ ሌሊት ስኒው ሲንቀጨቀጭ። መምህሩ ሁሉም የተሰማውን እንዲጽፍ አዘዙ። አንድ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ መብራቱ ሲወዛወዝ አይቷል፤ የእኔው ተኝቶ አደረ። ማግኒቲዩድ (የመንቀጥቀጡ መጠን) ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ነው፣ ስሜቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል የሚለው በዚህ ገባቸው። ከ4 ወደ 5 ሲሄድ ደግሞ ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ይህቺን ፈተና ላይ ይወዷታል።

ለትንሹ ፕሮጀክት ሳንቲም አላወጣሁም። አያቱ ወንጂ ነው ያደጉት። ጥርሳቸው ቡናማ ነው፤ ሲስቁ አሁንም አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ልጁ «አባባ ጥርስዎ ለምን እንዲህ ሆነ?» ከሚለው ተነሣ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለዓመታት የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ሊበልዝ ይችላል። አያቱን ጠየቀ፣ የጎረቤት ሽማግሌዎችን ጨመረ፣ በአንድ ካርቶን ላይ ሥዕል ሠራ። 18 አገኘ። አያቱ ካርቶኑን ሳሎናቸው ሰቅለውታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር እንግሊዝኛው ነው። ልጁ ነገሩን አውቆት መጻፍ ያቅተዋል። ደብተሩ ኅዳግ ላይ ቃሉን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጻፍ፤ መምህራን አይከለክሉም። አንቺ ደግሞ ማታ ማታ «ዛሬ ምን አየህ?» ብለሽ ጠይቂው እንጂ እስክሪብቶውን እንዳትነጥቂው።

ፑሚስ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አንድ ፌስታል ሞልቼ እሰጥሻለሁ፤ ባለቤቴ እንኳን አያውቀውም።