የአማካዩ ቁጥር ለምን አበጠ? ድግግሞሽ ያለበትን ሰንጠረዥ በተመለከተ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። የሽያጭ ሰንጠረዥ አለሽ። በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ረድፍ ተጽፏል፤ የትዕዛዙ ጠቅላላ ዋጋ ግን በሁሉም ረድፍ ላይ ይደጋገማል። የየቅርንጫፉን የአንድ ትዕዛዝ አማካይ ዋጋ ስታወጪ ቁጥሩ በዛብሽ። አማካዩ ላይ «ዲስቲንክት» (የተደጋገመን ዋጋ አንዴ ብቻ እንዲወሰድ የሚያደርግ ቃል) ብትጨምሪበትም አልገጠመም።

ይሄ ጉዳይ እኔንም አቃጥሎኛል። አንድ ጊዜ ሪፖርት አዘጋጅቼ ላክሁ። የሒሳብ ባለሙያዋ ጠቅላላ ሽያጩን ለትዕዛዝ ብዛት አካፍላ ብታየው ከእኔ ቁጥር ጋር አልተገናኘም። ፎርሙላው ውስጥ ስህተት ፍለጋ ሙሉ ቀን ፈጀሁ። ፎርሙላው ምንም አልነበረበትም። አማካይ ያወጣሁት ከትዕዛዞች ሳይሆን ከረድፎች ነበር።

በትንሽ ቁጥር እንየው። አንድ ቅርንጫፍ ሦስት ትዕዛዝ አለው እንበል። ትዕዛዝ 101 ዋጋው 300 ነው፤ ሦስት ዕቃ ስላለው ሦስት ረድፍ ይዟል። 102 እና 103 እያንዳንዳቸው 100 ናቸው፤ ረድፋቸውም አንድ አንድ ነው። የዓምዱን አማካይ እንዳለ ካወጣሽ 1,100 ለ5 ይካፈላል፤ 220። ዲስቲንክት ስትጨምሪ ደግሞ 300 እና 100 ብቻ ይቀሩና 200 ይመጣል። ትክክለኛው ግን 500 ለ3 ነው፤ 166.67 ገደማ።

ዲስቲንክት ያልረዳሽ ለዚህ ነው። እሱ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። 102 እና 103 የተለያዩ ትዕዛዞች መሆናቸውን በምን ያውቃል? ሁለት 100 ስላየ አንዱን ጣለው። የመጀመሪያው ቁጥር ያበጠውም በአጋጣሚ አይደለም። ብዙ ዕቃ ያለበት ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ረድፍ ብቻ አስቀሪ፤ ከዚያ በቅርንጫፍ እየመደብሽ አማካይ አውጪ። በኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) ከሆነ የውስጠኛው ኩዌሪ (የመረጃ ጥያቄ) ቅርንጫፉን፣ የትዕዛዝ ቁጥሩንና ዋጋውን በሴሌክት ዲስቲንክት ያምጣ፤ ግሩፕ ባይ (በቅርንጫፍ መመደቢያው) እና አማካዩ በውጨኛው ይሁኑ። በፓንዳስ (የፓይተን ቋንቋ የሰንጠረዥ መሣሪያ) መጀመሪያ በትዕዛዝ ቁጥሩ ድሮፕ ዱፕሊኬትስ (ድግግሞሽ መጣያው)፣ ቀጥሎ ግሩፕባይ ነው። በኤክሴል የሺቱን ቅጂ ሠርተሽ ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ (ድግግሞሽ ማጥፊያውን) ተጠቀሚ፤ ምልክት የምታደርጊው የትዕዛዝ ቁጥሩ ላይ ብቻ ነው። የትዕዛዝ ቁጥር በየቅርንጫፉ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ቅርንጫፉንም ጨምሪ፤ አለበለዚያ የሌላውን ቅርንጫፍ ትዕዛዝ ታጠፊዋለሽ።

ረድፍ መሰረዝ ካልፈለግሽ እኔ የምወደው መንገድ አለ። አንድ ዓምድ ጨምሪና ትዕዛዙ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በካውንትኢፍ (የኤክሴል መቁጠሪያ ፎርሙላ) ቆጥረሽ 1ን ለዚያ ቁጥር አካፍዪ። የ101 ሦስት ረድፎች እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ያገኛሉ። ከዚያ ዋጋውን በዚህ ክብደት እያባዛሽ በየቅርንጫፉ ደምሪና ለክብደቶቹ ድምር አካፍዪ። ያው 166.67 ይመጣልሻል፤ ከሰንጠረዡም ምንም አይጠፋም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ። ተመሳሳይ የትዕዛዝ ቁጥር ይዞ ዋጋው የሚለያይ ረድፍ አለ? 101 አንድ ቦታ 300፣ ሌላ ቦታ 310 ከሆነ ተራ ድግግሞሽ አይደለም። ሴሌክት ዲስቲንክት ሁለቱንም ያስቀራቸዋል፤ ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ ደግሞ ሳይጠይቅሽ የመጀመሪያውን ይዞ ሌላውን ይጥላል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው መረጃውን ያስገባው ሰው ነው። በቅርንጫፍ ስም መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታም አንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ያደርገዋል፤ በትሪም (ትርፍ ባዶ ቦታ በሚያጠፋው ፎርሙላ) አጽጂው።

እንዲህ ዓይነት ሁለት ዋጋ ያለው ትዕዛዝ ካገኘሽ የደንበኛውን ስም አጥፍተሽ ረድፎቹን እዚሁ ለጥፊልን፤ አብረን እናየዋለን።