የኢትዮጵያ ከባድ መንጃ ፈቃድ በጀርመን፦ ምድቡ እንዳይቀርብዎ

ወንድማችን፣ ጥያቄዎ በኢትዮጵያ የያዙት ደረቅ 3 (ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና) መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ እንዳለ ይቀየር እንደሆነ፣ ከገቡም አራት ወር ብቻ ስለሆነዎ አሁኑኑ ተሳቢ ይዘው ሥራ መጀመር ይችሉ እንደሆነ ነው።

እንዳለ አይቀየርም። ኢትዮጵያ ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለብዎ። የሚቀርልዎ ግዴታ የሆነው ትምህርት ነው፤ ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከቢ (የቤት መኪና) ወደ ሲ (ከባድ የጭነት መኪና) የሚያሳድግ ሰው ከከተማ ውጭ 5፣ አውቶባን (ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ 2፣ በጨለማ 3 የግዴታ ክፍለ ጊዜ ከፍሎ ይነዳል፤ ለሲኢ (ከባድ መኪና ከነተሳቢው) ደግሞ ሌላ።

ስለዚህ ቢ፣ ሲ እና ሲኢን በአንድ ማመልከቻ ይጠይቁ። ብዙ ሰው «ለጊዜው የቤት መኪናውን ልያዝ፣ ከባዱ ይደርሳል» ይልና እዚህ ላይ ይበላሽበታል። የጀርመኑን ሲቀበል የኢትዮጵያውን ያስረክባል፤ በኋላ ከባድ ይነዳ እንደነበር የሚያሳየው ነገር እጁ ላይ አይኖርም። ሲያመለክቱ መንጃ ፈቃድዎ ጊዜው እንዳላለፈበት ፈርመው ስለሚያረጋግጡ፣ ሊያልቅ ከተቃረበ አስቀድመው አገር ቤት ያሳድሱት። ታዲያ የታደሰው ላይ ያለው ቀን ጀርመን ከገቡ በኋላ ይሆናልና፣ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ይያዙ። እዚህ እየኖሩ ያወጡት መስሎ ከታየ ጉዳዩ ይቆማል። ትርጉሙም ላይ «ደረቅ 3» ብቻ ተጽፎ አይታለፍ፤ ቁጥሩ ለጀርመን ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። የሚፈቅደው የተሽከርካሪ ዓይነት፣ ተሳቢውም ጭምር፣ ይገለጽ።

ከማመልከቻው ጋር የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ (9 ክፍለ ጊዜ)፣ ለከባዱ ደግሞ የሐኪምና የዓይን ምርመራ ወረቀት ይቀርባል።

የጽሑፍ ፈተናው በእንግሊዝኛና በዓረብኛ አለ፤ በአማርኛ የለም። የተግባሩ በጀርመንኛ ብቻ ሲሆን በፋርሹለ (የመንጃ ትምህርት ቤት) መኪና፣ አስተማሪው አብሮ ተቀምጦ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር መሪ አያያዝ ላይ አይወድቅም። የሚጥለው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብስክሌተኛ መኖሩን አለማየቱ፣ ምልክት በሌለበት መገናኛ ከቀኝ ለሚመጣው አለመልቀቁ፣ ከመነሳት በፊት ጎማ፣ ፍሬንና መብራት እየፈተሹ የሚያዩትን በጀርመንኛ መናገር ሲያቅተው ነው። ተሳቢ መፍታትና መቀጠልም ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ ይፈለጋል። ትምህርቱ ግዴታ ባይሆንም ለዚህ ሲባል ጥቂት ሰዓት ቢወስዱ ጥሩ ነው።

ሥራውን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ያስነዳል። ከዚያ በኋላ ይዘውት ቢነዱ እንደ ወንጀል ይቆጠራል፤ ለመቀየር ማመልከት ግን ያኔም ይቻላል። ይሁን እንጂ በስድስቱ ወርም ቢሆን ጭነት ለመጫን መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የሙያ ብቃት ካርድ ያስፈልጋል፤ አጭሩ መንገድ 140 ሰዓት ሥልጠናና በንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ የሚሰጥ የ90 ደቂቃ የጽሑፍ ፈተና ነው። ከዚያም በየ5 ዓመቱ በ35 ሰዓት ሥልጠና ይታደሳል። የዲጂታል ታኮግራፍ (የመንዳትና የእረፍት ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ) የሾፌር ካርድም ለብቻው ይወጣል።

ወጪውን የሥራ ኤጀንሲው ወይም ጆብሴንተር (የሥራ ፈላጊዎች ድጎማ ቢሮ) በትምህርት ቫውቸር ሊሸፍን ይችላል። መብት ሳይሆን የአማካሪው ውሳኔ ስለሆነ፣ «ቀጥሬ አሠራዋለሁ» የሚል የአሠሪ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ ቫውቸሩ እጅዎ ሳይገባም ከፋርሹለው ጋር ውል አይፈርሙ።