አራት ደቂቃ ዝምታ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ዘፋኝ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ዘፈንኩ። አንድም አልበም የለኝም። ረፍዶብኛል እንዴ?» ትላለች።

ልጄ፣ ጥያቄሽ አርባ ዓመት የሸሸሁትን ነገር ቆሰቆሰብኝ።

መጀመሪያ ስለ ኦፔራ ዘፋኟ ለይላ ጌንጄር ልንገርሽ። በ1928 የተወለደች የኢስታንቡል ልጅ ናት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። አባቷ ቱርክ፣ እናቷ ፖላንዳዊት። በ1950 አንካራ ላይ ኦፔራ ጀመረች። በ1953 ናፖሊ ዘፈነች፣ በ1957 የሚላኖው ታላቅ ኦፔራ ቤት ላስካላ ገባች። ከ70 በላይ ገጸ ባሕርያትን ተጫውታለች። የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዶኒዜቲን ኦፔራ «ሮቤርቶ ዴቬሮ» ስንት ዘመን ተረስቶ ከኖረ በኋላ በ1964 ናፖሊ ላይ ያስነሳችው እሷ ናት። ታዲያ ትልልቆቹ ሸክላ አሳታሚዎች ዞር ብለው አላዩዋትም ማለት ይቻላል። አንዱ አሳታሚ ኢኤምአይ ዝነኛዋን ዘፋኝ ካላስን ይዟል፣ ሌላው ዴካ ተቀናቃኟን ቴባልዲን ይዟል። ለሦስተኛ ቦታ አልነበረም።

ድምፅዋን በብዛት ያቆዩልን ሌቦች ናቸው። ቴፕ ካፖርታቸው ሥር ደብቀው የሚገቡ አድማጮች። በኋላ ያ ቅጂ በየአገሩ በሸክላ ተባዝቶ ተሸጠ። ፈረንጅ ያለ ፈቃድ የሚቀዳና የሚያባዛን «የባሕር ወንበዴ» ስለሚለው፣ እሷን «የባሕር ወንበዴዎች ንግሥት» ይሏት ነበር።

ከእነዚህ ሌቦች አንዱን አውቀዋለሁ።

በ1980ዎቹ ሚላኖ፣ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ፣ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሰፈሩ ያኔም ሐበሻ አያጣውም። ከማዶ አንዲት የአስመራ እናት ቡና ሲያፈሉ ሽታው እኛ ሱቅ ድረስ ይመጣል፤ አለቃዬ ደግሞ እሳት የተነሳ መስሎት ይደነግጣል።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በባትሪ የሚሠራ ባለ ሪል ቴፕ ይዞ መጣ። ክሩ ከነሪሉ እላዩ ላይ ነው። ላስካላ ርካሹ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ማይኩን እጅጌው ውስጥ ሸጉጦ የቀዳው ነው። «የምትዘፍነው ጌንጄር ናት። የምታስለው ሚስቴ ናት፤ ያን ምሽት ጉንፋን ይዟት ተጣልተናል» አለኝ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር።

አጫወትኩት። ኦፔራ ጩኸት ይመስለኝ ነበር። ይቺ ግን አልጮኸችም። ድምፅዋ ሽቅብ ወጥቶ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ አሁን ተበጠሰ ስል አይበጠስም። አንዳንዴ ደግሞ ቃሉን በጥፊ ነው የምትጀምረው። ሦስቴ መልሼ ሰማሁ። ሚስትየው ሁለቴ አሰለች።

ቺንጋውን ቀየርኩ። ድምፅ የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረግሁ። ከዚያ መቅዳቱን ልሞክር ብዬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። ሌላ ክር ማድረግ ነበረብኝ፤ ይህን ማንም ጀማሪ ያውቃል። ደንበኛ ጠራኝና ዞር አልኩ። ስመለስ ሪሉ ይዞራል፣ ቀዩ መብራት በርቷል። አራት ደቂቃ ያህል ሄዷል። ማይክ አልተሰካም። በዘፈኑ ላይ የተቀዳው ዝምታ ነው።

ሰውየው ሲመጣ «ክሩ አርጅቷል፤ ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ማሞቂያው አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ሙቀት ክር ያጣምማል እንጂ ድምፅ እንዲህ ጠርጎ አይወስድም። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ሒሳቡን ከፈለ፣ ጉርሻ ጨመረ። ጉርሻውንም ተቀበልኩ።

የዚያች ዘፋኝ ድምፅ በአብዛኛው የቀረው እንዲህ ባለ ክር ላይ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሚስትየዋማ ከሁለቱ ሳሏ አንዱ የት እንደገባ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ወደ አንቺ ልመለስ። አልበም አለመኖሩ አያስጨንቅሽ፤ ጌንጄርም አሳታሚ ያወጣላት ከጥቂት አያልፍም። ልምምድሽን አታቋርጪ አልልሽም፣ እሱን እናትሽም ትነግርሻለች። የዛሬ ልጆች ግን አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። ኮንሰርት ገብታችሁ በስልክ ነው የምታዩት። ኧረ በጆሯችሁ ስሙ! ግን ምን አፍ አለኝ? እነዚያ ካፖርት ለባሾችም ያው ቀጂ ነበሩ። እነሱ ባይቀዱ ዛሬ ምን እንሰማ ነበር? እሺ፣ ቅዱ። ብቻ አንድ ጊዜ የቀዳችሁትን አታጥፉ። ስልኬ ሞላ ብላችሁ ስታጠፉ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ጌንጄር ከኦፔራ መድረክ በ1985 ወረደች። ከዚያ ወጣቶችን አስተማረች። በ2008 እዚሁ ሚላኖ አረፈች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ ኢስታንቡልን የሚከፍለው የባሕር ወሽመጥ ቦስፎረስ ላይ ተበተነ።

የስንብት ጸሎቷ ሚላኖ፣ ሳን ባቢላ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሄድኩ። ለሷ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ምናልባት ሰውየውን ባገኘው ብዬ ነው። ምን እንደምለው ሌሊቱን ስለማመድ አድሬያለሁ። ደጁ ላይ ቆሜ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ፊቱን አያለሁ። ካፖርቱን ነበር የማስታውሰው፤ ግንቦት ስለሆነ ካፖርት የለበሰ አልነበረም።