ለሽጉጥ ማዞር የአጎትህን ማካሮቭ ተወው

አቦ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። ሠርግና የትምህርት ቤት በዓል ላይ በምታቀርበው የካውቦይ ቀልድ ውስጥ ሽጉጥ በጣት ማሽከርከር መጨመር ፈልገሃል። ዘበኛ አጎትህ ጥይቱን አውጥተው ማካሮቭ ሽጉጣቸውን ሊያውሱህ ይችላሉ፤ ካልሆነም ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የፕላስቲክ ትገዛለህ። የትኛው ይሻላል ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም አልመክርህም። ሰርከስ ውስጥ በጃግሊንግ (ዕቃ እየወረወሩ በመቅለብ) ነው ያደግኩት፣ ሽጉጥ ማዞሩንም እዚሁ ድሬ መድረክ ላይ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የእውነተኛው ነገር አጭር ነው፦ አይሆንም። «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ስንት ሰው በልቷል! የጦር መሣሪያ አዋጁም (ቁጥር 1177/2012) ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አንተ ትታሰራለህ፣ አጎትህም እንጀራቸውን ያጣሉ። ደግሞ ማካሮቭ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ካውቦዮቹ ላይ የምታየው ስድስት ጎራሽ ኮልት ነው፣ በፈረንጅ 1873 የወጣው። እሱ ከኋላ ያለችው መምቻ በአውራ ጣት ካልተሳበች ምላጩን ብትነካውም አይተኩስም። ማካሮቭ ግን ጥይት ጎርሶ መጠበቂያው ከተከፈተ ምላጩን ጠበቅ አድርጎ መሳብ ብቻ ይበቃዋል። ስታዞር ደግሞ ጣትህ ያለው እዚያው ምላጩ ጋ ነው። ለነገሩ ይህን ጥበብ ያሳመሩት መድረክና ፊልም ናቸው። አሜሪካዊው ሳሚ ዴቪስ ጁንየር ዘፋኝና ዳንሰኛ ሆኖ ሳለ ሽጉጥ ማዞርን በትርኢቱ ውስጥ ያስገባ ነበር። የመድረክ ሰው ጨዋታ ነው፣ ያንተም ሰፈር ነው ማለቴ ነው።

የፕላስቲኩ ችግር ቅለቱ ነው። ክብደት ከሌለው ጉልበቱን ይዞ አይዞርም፤ ግማሽ ዙር ሄዶ ይቆማል። አንተ ደግሞ ጥፋቱ የእጅህ እየመሰለህ ትናደዳለህ። እውነተኛው ኮልት 1 ኪሎ ያልፋል፤ ለጀማሪ ከ700 እስከ 800 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። እኔ የምመክርህ ማሠራት ነው። አናጺ ከዋንዛ ቅርጹን ያውጣልህ። ምላጩን የሚከበውን ቀለበት ብየዳ ቤት ከቀጭን ቶንዲኖ ያጥፉልህ፤ ምላጭ ራሱ አያስፈልግም፣ ጣት ከመላጥ ሌላ ጥቅም የለውም። የቀለበቱን ውስጥ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው። ይቺን ሥራ አትናቃት፤ ሸካራ ቀለበት በአንድ ማታ ጣትህን ውሃ ያስቋጥረዋል። ከዚያ ጣትህ ላይ አንጠልጥለው። አፈሙዙ ክፉኛ ከደፋ እጀታው ላይ ብረት ጨምር። ትንሽ ወደ ፊት ቢያጋድል ግን ይፈለጋል።

ቀለሙን ብርማ አድርገው። ጥቁር ከሆነ በማታ አዳራሽ ውስጥ ማን ያየዋል? ጫፉን ብርቱካናማ ቀባው፤ አሜሪካ የመጫወቻ ሽጉጥ ላይ በሕግ የሚደረገው እሱ ነው። ሲዞር እንዲያውም የቀለም ክብ ይሠራል፣ ያምራል።

ልምምዱ እንግዲህ። ሌባ ጣትህን ቀለበቱ ውስጥ አስገብተህ ቀጥ አድርጋት። ሌሎቹን ጣቶች ልቀቅ፣ አፈሙዙ በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይውደቅ። ልክ ሲወድቅ የእጅህ አንጓ በትንሹ ትግፋው። ጣትህ ወጥ እንደሚያማስል ሰው ከዞረች ተበላሸ፤ ጣት ዘንግ ናት፣ ሥራው የአንጓ ነው። ወደ ፊት ማዞር ሳይለምድህ ወደ ኋላ አትሞክር። ወደ ላይ መወርወርና በትከሻ ማሳለፍ የመጨረሻ ነው፤ አንዳንድ ልጆች በእሱ ይጀምሩና የእግራቸውን ጣት ይቀጠቅጣሉ። ጫማ አድርግ፣ ከሥርህ ፍራሽ አንጥፍ። ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ዋንዛም ይሰነጠቃል። በድሬ ሙቀት ቀትር ላይ እጅ ያልባል፣ ስለዚህ ጠዋት ተለማመድ። የሕፃን ፓውደርም ይረዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። ተመልካች የሚያጨበጭበው ሲዞር አይደለም፣ ሲቆም ነው። እያዞርክ ድንገት ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ጥርቅም አድርገው ሲይዙትና አፈሙዙ ሳይንቀጠቀጥ ሲቀር፣ ያኔ ነው አዳራሹ የሚጮኸው። ስለዚህ ከልምምድህ ግማሹን ለማቆም ስጠው። ሁለት ዙር፣ ቀጥ። ሦስት ዙር፣ ቀጥ። ከኦርጋኒስቱ ጋር ተነጋግረህ ማቆሚያህ ከምቱ ጋር ቢገጥም ሌላ አሥር ዓይነት ትሪክ አያስፈልግህም። እኔ እንዲያውም ትሪክ የሚያበዛ ሰው ይሰለቸኛል።

ሌላው የሰው ነገር ነው። ከሳቢያን ቀፊራ ባጃጅ ውስጥ በእጅህ ይዘኸው እንዳትሳፈር፤ ቦርሳ ውስጥ ከባርኔጣው ጋር ይግባ። ከሩቅ የሚያይህ ፖሊስ ዋንዛ መሆኑን በምን ያውቃል? ሠርግ ላይ መድረክ መሪው አስቀድሞ ይናገር፣ የቤቱ ሽማግሌዎችም ይወቁ። ሰው ላይ ግን አታነጣጥር፣ ሙሽራው ራሱ «በለኝ» ቢልህም።

ቀለበቱ ከጣትህ ውፍረት ሰፋ ይበል እንጂ በጣም አይልቀቅ፣ ያንገዋልልሃል። ስታሠራው ፎቶ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ የሚስተካከለውን እነግርሃለሁ።